ምስል አንድ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ ዶክተሩ፣ ከሕክምና ጆርናሉ የመጣውን መልእክት በሲስተር ትከሻ ላይ ጎንበስ ብለው እያነበቡ። «ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው። ሞኞቹ እንግዲህ እኛ መሆናችን ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሲስተር ትስቅላቸው ነበር። ዶክተሩ ጡረታቸው የደረሰ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ ቀልዳቸውም ከእሳቸው ቀድሞ ጡረታ መውጣት የነበረበት ነው፤ እሷ ግን ከነቀልዳቸው ትወዳቸዋለች። ያን ዕለት ዓይኗ ከኮምፒውተሩ ላይ አልነሳ አላት። አርታኢው የጻፈው በትሕትና ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲከለክሉም በትሕትና ነው። ጽሑፋችሁ ደርሶናል፣ ርእሱ ደስ አሰኝቶናል፣ ይሁንና በምስል አንድ ላይ ለሚታዩት አባትና ሕፃን የወላጆች ፈቃድ አልተያያዘም፤ እናትና አባት የፈረሙበት ቅጽ እስከ ዓርብ ማታ ካልደረሰን ጽሑፉን ወደ ገምጋሚዎች ለመላክ እንቸገራለን ይላል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ፎቶ ነው፤ ይውጣ፣ አለቀ። ዶክተሩም ያሉት ይህንኑ ነው።

«እናውጣዋ! ሰንጠረዡ ይናገር የለ?»

«ሰንጠረዥ ማሰር አያስተምርም፣ ዶክተር።»

እውነቷን ነው። ጽሑፉ ስለ አባቶች ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተገናኝቶ ደረቷ ላይ ሲታሰር እንደሚሞቅ ዓለም ካወቀው ቆይቷል። እናትየው ራሷ ታማ ብትተኛስ? ሲስተር በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባሳለፈቻቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆችን አባቶቻቸው ደረት ላይ ስታስር፣ ሙቀታቸውን ስትለካ፣ የለካችውን ስትጽፍ ኖራ በመጨረሻ የአባት ደረትም ደረት ነው የሚል ነገር ይዛ ብቅ አለች። ችግሩ የወንድ ደረት ሜዳ መሆኑ ነው፤ ልጁ ይንሸራተታል። የእሷ ዘዴ ጨርቁን ጀርባ ላይ አጠላልፎ አምጥቶ፣ ቋጠሮውን ከሕፃኑ መቀመጫ ሥር ማሳረፍና የላይኛውን ጠርዝ እስከ ጆሮው ድረስ ከፍ አድርጎ አንገቱን ማስደገፍ ነው። ይህን በቃላት ብቻ ጽፋ ሌላ ጆርናል ልካ ነበር፤ «አስተሳሰሩ ግልጽ አይደለም» ብለው መለሱላት። ተናዳ ደግማ ስታነበው ለራሷም ማን ማንን እንዳሰረ አልገባትም። ፎቶውን ያስገባችው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ፎቶው ወጥቶ ጽሑፉ ቢታተም፣ የማታውቃት አንዲት ሲስተር የሆነ ቦታ አንብባው ልጅ ታስርና ልጁ ይወድቅባታል። ሲስተር ይህን እያሰበች እሺ ማለት አልሆነላትም።

«ሌላ ፎቶ አንሺ ታዲያ።»

«ማንን? አሁን የተኙት ልጆች እናቶች ሁሉ ደህና ናቸው፣ ተመስገን።»

«በአሻንጉሊት አድርጊው። ደረት ከቸገረሽ የኔን ውሰጂ።»

«የአሻንጉሊት አንገት አይወድቅም። የርስዎ ደረት ደግሞ ሜዳ አይደለም፣ ዶክተር፤ ዳገት ነው።»

ዶክተሩ ሆዳቸውን እያሻሹ ሳቁ። ከዚያ ፎቶውን ቀረብ ብለው አዩትና ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄ ቀለም ቀቢው ነው አይደል? የማሙሽ አባት።»

«አዎ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት። «እንግዲህ እግዜር ይርዳሽ፣ ልጄ» አሉና ወጡ።

በዚያ ክፍል ወንድ ሆኖ የተወለደ ሁሉ ማሙሽ ነው። «የማሙሽ አባት» ሲባል ግን ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ሰው ነበር። ሚስቱ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትወሰድ፣ እሱ ከነሥራ ልብሱ እየሮጠ መጣ። ሲስተር የመጀመሪያ ቀን ቲነር ቲነር ትሸታለህ ብላ ከበር መልሳዋለች። ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር እጁንና ደረቱን እስኪቀላ ፈትጎ፣ ተመርምሮ እንደሚገባ ሰው እንድታሸተው ክንዱን ይዘረጋላት ነበር። ያም ሆኖ ጆሮው ጫፍ ላይ ወይ ቅንድቡ ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ አትጠፋም። ልጁን ታስርለታለች፤ እሱ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ሥራው ያወራለታል። እንትና ሳሎኑን ክሬም አስቀብቶ አሁን አልወደድኩትም አለ፣ ሰው መቼም ዓመሉ አያልቅም፣ እያለ። ማሙሽ ሞቀው፣ ሰውነቱ ጠና፣ ሁሉም ተስፋ አደረገ። ከዚያ ኢንፌክሽን ገባበት። የሚደረገው ሁሉ ተደረገ፤ አልሆነም። እናትየው ከዚያኛው ሆስፒታል ድና ስትወጣ በር ላይ የጠበቃት ባሏ ብቻ ነበር። ልጇን በሕይወት አላየችውም።

ፎቶው የተነሳው ልጁ ደህና በነበረበት ሰሞን ነው። ሲስተር «ለትምህርት ነው፣ ላንሳችሁ?» ብላው «አንሺ» ብሏት ነበር፤ በአፍ ነው፣ ወረቀት ማን አሰበ። ከልጁ ሞት በኋላ ደግሞ ሰውየውን ፈልጋ ፎቶውን ልትሰጠው ብዙ ጊዜ አስባ፣ ቁስል መነካካት መስሎ ስለታያት ተወችው። ጆርናሉ ጋ ግን በድፍረት ልካዋለች። ይህንን ስታስበው በራሷ አፈረች።

ሐሙስ ዕለት ተቀምጣ ወላጆቹ ቤት ምን ብላ እንደምትገባ ስታስብ አንድ ነገር መጣላት። ጋዜጣ ላይ እንደሚደረገው የልጁን ዓይን ብትሸፍነውስ? የአባትየው ፊት ከአገጩና ከጆሮው በስተቀር አይታይም። የልጁ ዓይን ከተሸፈነ ማንም አይለየውም፤ እነሱም ሲያዩት ብዙ አይጎዱም። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር ጭረት ሠራችና በእነዚያ ሁለት የተገለጡ ትንንሽ ዓይኖች ላይ አሳረፈችው። እውነቱን ለመናገር ለራሷም ቀለላት። ፎቶውን በከፈተች ቁጥር ቀድመው የሚገጥሟት እነዚያ ዓይኖች ነበሩ።

ዓርብ ከሰዓት የኮምፒውተር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ቅጹን ውስጡ ከታ ሄደች። ቤቱ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ በላይ፣ ደረጃው ጠባብ የሆነ ፎቅ ላይ ነው። የበሩ ጉበን ላይ ብሩሽ የተሞከረባቸው ብዙ ዓይነት ቀለማት ተለቅልቀዋል፤ ግድግዳው ግን ከተሠራ ጀምሮ ብሩሽ የነካው አይመስልም። ቀለም ቀቢ የሰው ቤት እንጂ የራሱን መች ይቀባል። ደረጃው መሐል ላይ ተመለሺ ተመለሺ አላት። አንኳኳች።

የከፈተላት እሱ ነው። መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ከየት እንደሚያውቃት ትዝ ብሎት መሰል ጠቆረ።

«ሲስተር! በደህና ነው?»

«በደህና ነው። ደህና ናችሁ?»

ሚስቱ የትኬት ቢሮ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር፤ እንግዳ ስታይ ሰበሰበችው። ሲስተርን በወሬ ሰምታ እንጂ አይታት አታውቅም። «እሷ ናት» አላት ባሏ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር፤ እሷም ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ተነስታ ሲስተርን አቀፈቻት። ሻይ መጣ። ስለ ደረጃው ጥበት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትራንስፖርት ተወራ። ሲስተር ሻይዋን ሳታማስል ጠጣችው፤ ስኳሩ ከሥር ቀረ።

«የመጣሁት ስለ ማሙሽ ነው» አለች በመጨረሻ።

እናትየው ስኒዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሲስተር ፈራ ተባ እያለች ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ፣ ፎቶው ለምን እንዳስፈለገ፣ እምቢ ቢሉ ማንም እንደማይቀየማቸው ነገረቻቸው። አባትየው መሐል ላይ ጣልቃ ገባ።

«ያነሳሽን ቀን ነው?»

«አዎ።»

«ለመጠየቅ አፍሬ ነው እንጂ ፎቶው ትዝ ይለኝ ነበር። ሥራ ላይ ናቸው፣ ለሞተ ልጅ ፎቶ ደግሞ... አልኩና ተውኩት።»

ሲስተር ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ ምስል አንድን በትልቁ አድርጋ ወደ እነሱ አዞረችው። «አይዟችሁ፣ ማንም አይለየውም» አለች፤ «እንዳትጎዱ ብዬ ሸፍኜዋለሁ።»

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። የአባት ደረት፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ወጥታ የምትታይ ቡጢ የምታክል ራስ፣ ራሷ ላይ ኮፍያ፣ ከኮፍያው በታች ጥቁር ጭረት። እናትየው ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጄ ምን አጠፋ?» አለች።

በቁጣ አይደለም የተናገረችው። ቁጣ ቢሆን ሲስተር ትችለው ነበር።

«ምንም... ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው፣ እህቴ። የሕክምና ጽሑፍ ላይ እንዲህ ይደረጋል።»

«እኔ እንዲህ አድርገው ሲሸፍኑ ያየሁት ሌባ ሲያዝ ነው።»

ሲስተር እንደ ደግነት ቆጥራ የሠራችው ነገር በሴትዮዋ ዓይን ምን እንደሚመስል ያኔ ታያት። ምድር ብትከፈት ትገባ ነበር። አባትየው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ ከጭረቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ሲስተር» አለ፣ «ከሥሩ ዓይኑ...»

«ተው» አለችው ሚስቱ።

«መጠየቄ ነው።»

«ተው አልኩህ እኮ።» ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረች። «ባሌ ደግ ሰው ነው። እኔ ስወጣ ባዶ እጁን ነበር የጠበቀኝ፤ የሚሰጠኝ ነገር ስላጣ 'ዓይኑን ገልጦ አይቶኛል' ብሎ ነገረኝ። እኔ የታከምኩበት ሆስፒታል ያሉትን ሐኪሞች ጠየቅኳቸው። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው አሉኝ። ለኔ ብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ግን በነገረኝ ቁጥር፣ ልጄን ሳላየው መቅረቴ ሳያንስ ስለ እሱ የማውቀው ብቸኛ ነገር ውሸት መሆኑ ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ እንዳያነሳብኝ ለመንኩት።»

«ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብያታለሁ» አለ ሰውየው ለሲስተር፣ እንደ ተከሰሰ ሰው። «ምዬላታለሁ። ምን ላድርግ? ሌላ ያየ ሰው የለም።»

«አለ» አለች ሲስተር።

ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ጣቷን ጭረቱ ላይ አድርጋ ጫን አለችው፤ ዙሪያውን ትንንሽ ነጥቦች ከበቡት፤ አጠፋችው።

ማሙሽ አየ። ሁለቱም ዓይኖቹ ተገልጠዋል፤ ጥቁር ናቸው፣ የመስኮቱ ብርሃን በሁለቱም ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖ አርፎባቸዋል። ግንባሩ ተጨማዷል፤ ነገር ገብቶት ግን ያልተስማማው ሽማግሌ ይመስላል። የሚያየው ካሜራውን አይደለም። ቀና ብሎ፣ ነጭ የቀለም ጠብታ ያለበትን ጆሮ አልፎ፣ አባቱን ነው።

እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበች፤ እንደገና ቀረበች፤ ትንፋሿ መስተዋቱን እስኪያደበዝዘው። በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገችውና እንደገና አየች። ከታች ሱቁ ውስጥ ብረት ሲቆርጡ ይሰማል፤ ቆረጡ፣ ጨረሱ፣ ሌላ ጀመሩ።

«ቅንድቡ የአንተ ነው» አለች ቆይታ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«ዓይኑ የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረኸኝ ነበር» አለች። ከዚያ ፊቷን ከፎቶው ሳታነሳ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ ጉልበቱን አገኘችና ያዘችው። «አልዋሸኸኝም። አንድም ቀን አልዋሸኸኝም።»

ሰውየው ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ቃል አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው የበር መቃን የሚያክል፤ ያ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሲስተርም አለቀሰች። ነርስ በሥራ ላይ አታልቅስ የሚሉ አሉ፤ ይበሉ።

ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲስተር አፍንጫዋን ጠርጋ መናገር ያለባትን ተናገረች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም። ፎቶው የናንተ ነው። ፈረማችሁም አልፈረማችሁም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ እልክላችኋለሁ፣ አሳትሜም አመጣላችኋለሁ። ድሮ ማድረግ የነበረብኝን ነው። ጽሑፉ ሌላ ነገር ነው። አይሆንም ካላችሁ አወጣዋለሁ።»

«ወረቀቱን ስጪኝ» አለች እናትየው።

ቀኑን ሙሉ ትኬት ስትቆርጥ የምትውል ሴት ናትና ወረቀት ሳታነብ አትፈርምም። ከላይ እስከ ታች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ያልገባትን እየጠየቀች አነበበችው። ማን ያየዋል? ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሚማሩ ልጆች። የት? ኢንተርኔት ያለበት ሁሉ። አንዴ ከወጣ ይመለሳል? አይመለስም፣ አለቻት ሲስተር፤ ይህን ስትላት ፈራች፣ ግን አለቻት። ከታች ሁለት ሳጥን አለ፦ ፊቱ ተሸፍኖ፣ ፊቱ ሳይሸፈን። የእናትየው ጣት እዚያ ቆመ።

«ሁለቱንም ይቀበላሉ?»

«ቤተሰቡ በጽሑፍ ከፈቀደ ይቀበላሉ። የተሸፈነውን እመልሰው?»

ባሏን አየችው። እሱ «እንዳልሽ» አላት።

«ሳይሸፈን ይሂድ» አለች። «የሚያስደብቅ ነገር አላደረገም። እኔ ሳላየው ሄደ፤ ሌላው ሰው ይየው።» ሳጥኑን በእስክሪብቶ ሞላችው። «ስሙስ ይጻፋል?»

«አይጻፍም። ስም መጻፍ ክልክል ነው።»

«ግድ የለም። ስሙ እኛ ጋ ይቀመጥ።»

ፈረመች። እሱም ጥፍሩ ሥር ቀለም በገባበት እጁ፣ ከእሷ ፊርማ አጠገብ፣ ከሚፈርምበት ሁሉ አስተካክሎ ፈረመ።

ሆስፒታል ለመመለስ ጊዜው መሽቶ ነበርና ከዚያው ለመላክ ተስማሙ። አባትየው ስልኩን ከፍቶ ኢንተርኔቱን አጋራት። ሲስተር ቅጹን ፎቶ አንስታ አስገባች፤ ጭረት የሌለበትን ምስል አንድን አስገባች። የጆርናሉ ድረ ገጽ በተራው ጥያቄውን ደረደረ። በምስሉ ላይ የሚለይ ሰው አለ? አዎ። ፈቅዷል? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አለችና አዎ አለች። ጽሑፉን ሁሉም ደራሲዎች አይተውታል? ዶክተሩ ጋ ደወለች። «እንዴት ሆነሽ?» አሏት፤ ጽሑፉን ሳይሆን እሷን ነው የጠየቋት። «ፈቅደዋል፣ ዶክተር። ሳይሸፈን።» ከወዲያ ቀልድ የሌለበት «ላኪው» መጣ። ላከችው። ምስሉ ከባድ ነው፣ መስመሩ ደካማ፤ ምን ያህል እንደተላከ የሚያሳየው ሰማያዊ ምልክት እንደ ቀንድ አውጣ መጎተት ጀመረ።

እናትየው ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ባሏ አጠገብ ተቀምጣለች። የባሏ ስልክ አሁን ኢንተርኔት እየሰጠ ስለሆነ ሲስተር የላከችላትን ፎቶ በራሷ ስልክ ይዛለች።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«እንዴት እንዳየህ። ከመጀመሪያው ጀምረህ።»

ሰውየው የምሯን እንደሆነ ለማረጋገጥ አየት አደረጋት። ካልጠየቀችው ስንት ጊዜ ሆኖታል፤ ለብቻው ሲያወራው ኖሮ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠዋት ነው» አለ። «ሲስተር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋዋለች። እኔ ስለ ኮርኒሱ እያወራሁት ነበር። ይሄን ነጭ ነው ብለው ነው የቀቡት፣ ግን ነጭ አይደለም፣ ተታለዋል እያልኩት...»

ኮምፒውተሩ ላይ «ጽሑፍዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ወጣ። ሲስተር ልትነግራቸው ቀና አለችና አፏን መልሳ ዘጋች።

«...ደረቴ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ራቡ ነው ብዬ ሲስተርን ልጠራ ስል...»

«ቀስ ብለህ» አለችው ሚስቱ፣ ራሷን ትከሻው ላይ እያስደገፈች። «ምንም አትዝለልብኝ።»